ተዝካሯን በቁሟ ያወጣች ጠማቂ

አንዲት ሴት ነበረች። ጠላ ጠማቂ ናት።

ጥያቄሽን ዘልዬው አይደለም ይመኙሻል፤ በደንብ ሰምቼሻለሁ። «እማዬ፣ ጡረታ ወጣሁ፣ ሥራዬን ጨረስኩ። ከእንግዲህ ቤቱንም ማኅበሩንም ለምራቴ ለቅቄ ጥጌን ይዤ ብቀመጥ አይሻልም ወይ?» ነው ያልሽኝ። እኔ ፊደል ያልቆጠርኩ ሰው ነኝ፤ እንዲህ ያለውን ነገር በአዎና በአይደለም መመለስ አልችልበትም። የማውቀውን ልንገርሽ። አንቺ ብቻ ትራሱን ከኋላሽ አድርጊና ደገፍ በይ፤ ስንት ዘመን ቆሞ የኖረ ወገብ ነው።

ይህች ጠማቂ በምትኖርበት አገር ድግስ ያለ እሷ አይታሰብም ነበር። ሠርግ የሚደግሰው፣ ክርስትና የሚያነሣው፣ ተዝካር የሚያወጣው ሁሉ ገና ሐሳቡ ሲመጣለት ወደ እሷ ነው የሚልከው። መጥታ ጋኑን በግራዋ ቅጠል ታሳጥባለች፣ በወይራ ታሳጥናለች፣ ከዚያ አንገቷን ወደ ውስጥ አስግጋ ታሸተዋለች። ካልወደደችው እንደገና ይታጠባል። ባለ ድግሱ ባለ ብዙ ርስት ይሁን ወይም ጌሾውን ከጎረቤት ለምኖ ያመጣ ደሃ፣ ለእሷ አንድ ነው።

አጠማመቋ ከሌላው የሚለየው በአንድ ነገር ነበር። ሌላው ጠማቂ ቀን ይቆጥራል፤ ከተጠነሰሰ ይህን ያህል ሆነው፣ ከተደፈደፈ ይህን ያህል ሆነው፣ እንግዲህ ውሃው ይግባ ይላል። እሷ ቀን አትቆጥርም። ጌሾው ከብቅሉና ከአሻሮው ጋር ተደፍድፎ ጋን ውስጥ ከገባ በኋላ፣ ጆሮዋን ከጋኑ ሆድ ላይ ለጥፋ ታዳምጣለች። ድፍድፍ ይናገራል ልጄ። መጀመሪያ እንደ ተቆጣ ሰው ይንተከተካል። ቀጥሎ ያጉረመርማል። በመጨረሻ፣ ተጣልቶ ተጣልቶ የደከመው ሰው «ይሁን እንግዲህ» ብሎ እንደሚተነፍሰው፣ አንድ ጊዜ ተንፍሶ ዝም ሊል ሲል፣ ውሃው የሚገባው ያን ጊዜ ነው። ቀድሞ ከገባ ጠላው ይቀጥናል፤ ከዘገየ ይሆመጥጣል። እሷ ቀና ብላ «አሁን» ስትል ሴቶቹ እንስራቸውን ያነሣሉ። «አሁን» እስክትል ድረስ ግን ባለ ድግሱም፣ ሚስቱም፣ ጎረቤቱም ቆሞ አፍ አፏን ያያል።

ሰው አፍ አፍሽን ሲያይ ምን እንደሚመስል አንቺ አታጪውም።

እንዲህ ስትኖር እርጅና መጣ። ባሏ ቀድሟት ሄዷል። ጉልበቷ ከዳት፤ ጋን ማንከባለል ቀረ፣ ጎንበስ ካሉ በኋላ ቀና ማለትም በሰው እጅ ሆነ። አንድ ወንድ ልጅ ነበራት፣ ከሚስቱ ጋር እዚያው ግቢዋ ውስጥ ነው የሚኖረው። ምራቷ ጥሩ ልጅ ናት። እናቷ በሥርዓት ያሳደገቻት፣ ታላቅ ሲናገር መሬት የምታይ፣ ከአማቷ ፊት ድምፅዋ ከፍ ብሎ የማያውቅ። ትንሽ ፈሪ ናት እንጂ። ጨዋነትና ፍርሃት አንድ ቤት ሲገቡ ምን እንደሚሠሩ ቆይ ትሰሚያለሽ።

አንድ ጊዜ ጠማቂዋ ለአንዲት ጎረቤቷ ተዝካር ተጠራች፤ ለመጥመቅ ሳይሆን እንደ እንግዳ። ሟቿ ዕድሜ ልኳን ሰው ስታበላና ስታጠጣ የኖረች ሴት ነበረች። ልጆቿ ግን ጌሾውን አንተ አምጣ፣ ብቅሉን አንቺ አምጪ እየተባባሉ ቀኑ ደረሰባቸውና፣ በመጨረሻ ያገኙትን ቀላቅለው አቀረቡ። ጠማቂዋ ቀምሳ ዋንጫውን አስቀመጠችው። ውሃ ነው። ካህናቱ ሳይቀሩ እርስ በርስ ተያዩ። አንድ ቀልደኛ ሽማግሌ፣ ነፍሷም እንደ ጠላዋ ቀጥና መንገድ ላይ እንዳትቀር ብሎ ሰዉን አሳቀው።

ጠማቂዋ አልሳቀችም። ወደ ቤቷ ስትመለስ አንድ ሐሳብ አብሯት መጣ። እኔ ለሰው ሁሉ ሙት ጠምቄያለሁ፤ ለእኔስ ማን ይጠምቅልኛል?

ሐሳቡ ሲከርም ፍርሃት ሆነ፤ ፍርሃቱ ሲከርም ውሳኔ ሆነ። ወደ ነፍስ አባቷ ሄዳ የቁም ተዝካሬን ላወጣ ነው አለቻቸው። የቁም ተዝካር ታውቂያለሽ፤ ወራሽ የሌለው ወይም ወራሹን ያላመነ ሰው፣ ከሞተ በኋላ የሚደገስለትን ሳይሞት ራሱ ደግሶ፣ ካህናቱን አብልቶ፣ ጸሎቱን አስደርሶ ይገላገላል። ነውር አይደለም፣ የጥንት ሰዎችም አድርገውታል። የነፍስ አባቷ ግን ልጅ እያለሽ ለምን ብለው ጠየቋት። ልጅማ ያቺም ጎረቤቴ ነበራት አለቻቸው። ጢማቸውን ደባበሱና፣

«ተዝካሩስ ይውጣ። በማግስቱ ምን ትሠሪያለሽ?» አሏት።

«በማግስቱማ አርፋለሁ፣ አባቴ።»

አብራት ያረጀች አንዲት ወዳጅ ነበረቻት፣ አፏ የማያርፍ። እሷ ይህን ስትሰማ ወገቧን ይዛ ሳቀችባት። «እኔ እኮ አንቺዬ፣ ተዝካርሽን ዛሬ ከበላሁ ስትሞቺ ምን ብዬ ልመጣ ነው?»

«ልታለቅሺ ትመጫለሽ።»

«በባዶ ሆዴ?»

ተሳሳቁ። ድግሱ ግን ተደገሰ። ጉልበቷ እየተንቀጠቀጠ፣ በሰው እጅ ተደግፋ፣ ራሷ ጠመቀችው። ያላትን ጥበብ በሙሉ እዚያ ጋኖች ውስጥ የገለበጠችው ነው የሚመስለው። ያን ጠላ የቀመሱ ሰዎች እስኪሞቱ ድረስ ሲያወሩለት ኖረዋል። ካህናቱ ጸለዩ፣ ደሃው በላ፣ ሰዉ መረቃት። ሞቅ ያለው አንድ ጎረቤት ዋንጫውን አንሥቶ «ነፍስ ይማር» አላት። ቤቱ በሳቅ ተሞላ፤ ከሁሉ አብልጣ የሳቀችው ራሷ ናት።

ሳቁ በረድ ሲል ተነሣች። ምራቷን ወደ መሐል ጠርታ የጓዳውን ቁልፍ ሰጠቻት፤ ጋኖቹን፣ የጓሮውን ጌሾ፣ የማኅበሩን ጽዋ ሰጠቻት። ከዚያ ሰዉ ሁሉ እንዲሰማ አድርጋ እንዲህ አለች፦

«እኔ ጨርሻለሁ። ከእንግዲህ ሥራም ሆነ ነገር፣ ምክርም ሆነ ቁጣ ከእኔ አትጠብቁ። እንደ ሌለች ቁጠሩኝ።»

ሽማግሎቹ አሜን አሉ። ክፋት አልነበረባትም እኮ። ለልጆቿ ሸክም አልሁን ብላ ነው፤ ጭቅጭቃም አሮጊት አልሁን ብላ ነው። ሳታውቀው ግን ዕቃዋን ስትሰጥ ቦታዋንም ደርባ ሰጠች።

ከዚያ ወደ አንዲት ትንሽ ክፍል ገባች። ያቺ ክፍል ጠላው ከሚጠመቅበት ቤት ጋር አንድ ግድግዳ ነው የሚለያያቸው፣ ጭቃው እዚህም እዚያም የተሰነጣጠቀ። መቁጠሪያዋን ይዛ ተቀመጠች።

ዕረፍት መጀመሪያ ይጣፍጣል፤ ይህንን አልክድሽም። ሲነጋ ማንም አይጠራሽ፣ ፀሐይ እየሞቅሽ ትውያለሽ፣ የሚበላው ይመጣልሻል። እንዲህ ጥቂት ከረመች። ቀጥሎ የማኅበሩ ተራ ደረሰና ሴቶቹ ጽዋውን በፊቷ አሳልፈው ለምራቷ ሰጡ። እኔም እኮ አለሁ ልትል አፏን ስትከፍት፣ አንቺማ ጨርሰሻል፣ አትድከሚ አሏት። የራሷን ቃል ነው የመለሱላት፤ ምን ትበል? ጎረቤት ከጎረቤት ሲጣላ ድሮ ወደ እሷ ነበር የሚመጣው፤ አሁን በደጇ አልፎ ወደ ሌላ ቤት ይሄዳል። አንዱ ወደ እሷ እንሂድ ሲል ሌላው፣ ተዋት ዐርፋለች ሲለው በጆሮዋ ሰምታለች። ድግስ ስትጠራ ከካህናቱ ጎን ምንጣፍ ይነጠፍላታል፣ ትራስ ይደረግላታል፣ የሚያስፈልጋት ይቀርብላታል። የሚጠይቃት ግን የለም። ሁሉም ያከብራታል፤ ማንም አያናግራትም።

ሞት ደግሞ አልመጣም። ሞት እኮ ድግሱ ተበላ ተብሎ አይቸኩልም ልጄ። ዓመት አለፈ፣ ሌላ ዓመት አለፈ፣ ጓደኞቿ አንድ ሁለት እያሉ ሄዱ፣ እሷ አለች። ያቺ አፈኛ ወዳጇ ትመጣና፣ የበላሁት ተዝካርሽ ከሆዴ ከጠፋ ስንት ዘመኑ፣ ምነው ሳትሄጂ ትላታለች። ይሳሳቃሉ። ወዳጇ ስትሄድ ግን ሳቁ ከፊቷ ላይ ቀስ ብሎ ይወርድና፣ መቁጠሪያዋን ይዛ የት እንደደረሰች ይጠፋታል።

አንድ ጊዜ የልጅ ልጇ፣ ያን ጊዜ ገና ሕፃን ናት፣ ከጓደኞቿ ጋር ደጅ ላይ ስትጫወት፣ «አያቴ በሕይወት ሳለች ጥሩ ጠላ ትጠምቅ ነበር» ብላ ስታወራ ሰማቻት። አያቲቱ ከልጂቱ በስተጀርባ ፀሐይ ላይ ተቀምጣለች። ልጅ ምን ታውቃለች? ቤት ውስጥ የሚወራውን ነው የተናገረችው።

ይህ ሁሉ ግን የግድግዳውን ያህል አላመማትም።

ምራቷ መጥመቅ ጀምራለች። ድግስ ያለው ሰው ሁሉ፣ ጋኖቹም ቦታውም የእሷ ነው ብሎ ወደዚያች ትሁት ሴት ነው የሚልከው። ታጥባለች፣ ታጥናለች፣ ትጠነስሳለች፤ እጇ ሥራ ያውቃል። ውሃው የሚገባበትን ጊዜ ግን አታውቅም። አሮጊቷ ከግድግዳው ወዲህ ተቀምጣ ድፍድፉ ሲናገር ትሰማዋለች። ገና ይቆጣል። ገና ነው፣ ገና ነው ትላለች በልቧ። ከዚያ እንስራው ሲነሣ ትሰማለች። ተይ ልጄ፣ ቆይ ትላለች በልቧ። ከዚያ ውሃው ዷ ብሎ ሲወርድ ትሰማለች። ነጠላዋን ወደ አፏ አድርጋ ትነክሳለች።

ጠላው ሁልጊዜ ቀጠነ።

ተነሥታ ለመሄድ የነበረው መንገድ እኮ የግድግዳ ዙሪያ ነው። ግን እንዴት ትሂድ? በሰው ሁሉ ፊት ጨረስኩ ያለች ሴት፣ አሁን ምን አገባት አይሏትም? ደግሞም ምራቷ ብትፈልጋት ኖሮ ትጠይቃት አልነበር? በሩ ክፍት ነው። ካልጠየቀችኝ ሰልችታኛለች ማለት ነው አለች። ይህን ስታስብ ቅር አላት፣ ቅሬታው እየዋለ እያደረ ኩራት ሆነ። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ይላሉ፤ የእሷ ኩራት ግን አፏን ይበልጥ ዘጋው።

አንድ ቀን ጠዋት ምራቷ ለብሳ፣ ቅቤ በቅል ይዛ ስትወጣ አየቻት። የት ልትሄድ ነው ብላ ልጇን ብትጠይቀው፣ ከወንዙ ማዶ አንዲት ጠማቂ አለች አሉ፣ እሷ ዘንድ ልትማር ነው አላት። ምራቷ መንገዱን ወርዳ እስክትሰወር ድረስ አሮጊቷ ቅሉን ስታይ ቆየች። ከወንዙ ማዶ ያለችው ሴት ያስተማረቻት ደግሞ ቀን መቁጠር ነበር።

ሌላ ጊዜ ደግሞ በአንድ ክርስትና ላይ፣ አንድ የሩቅ እንግዳ የቀረበለትን ጎንጨት አለና፣ «እዚህ አገር ጠላ ከዚያች ጠማቂ ጋር ሞተ» አለ። አጠገቡ ያለው ሰው በክርኑ ጎሰም አደረገው። እንግዳው ዞር ሲል ምንጣፉ ላይ ትራስ ተደግፋ የተቀመጠችውን አያት፤ አንገቱን ደፋ። የሚገርመው የእሱ አይደለም። ከተቀመጠው ሰው ሁሉ አንድ እንኳ፣ ኧረ እሷ አለች ያለ አልነበረም። እሷም አለሁ አላለችም።

እንዲህ እያለ ያቺ ሕፃን አድጋ ሠርጓ ደረሰ። የወንዱ ወገን ከሩቅ የሚመጣ፣ ስመ ጥር ቤተ ሰብ ነው። ጠላው ከቀጠነ ልጂቱ በመጀመሪያው ቀን አንገቷን ደፍታ ነው የምትገባው፤ እናቲቱ ይህን አስባ ፊቷ ጠቁሯል። እንደ ተማረችው ቀኑን ቆጥራ ጨረሰች። ያ ከሰዓት በኋላ አሮጊቷ ክፍሏ ውስጥ ተቀምጣ ነበር። ድሮ ድፍድፉ በግድግዳው ውስጥ ሲናገር ጥርት ብሎ ይሰማት ነበር፤ በኋላ በኋላ ደብዝዞባታል። የደከመው ጋኑ መስሏት ነበር፤ የደከመው ጆሮዋ ነው። በግድግዳው ስንጥቅ የሚመጣው ሽታ ግን አላታለላትም። ገና ጥሬ የሆነ፣ ጣፋጭ ጣፋጭ የሚል የብቅል ሽታ ነው። ይህን ስታሸት ሳለ ከወዲያ እንስራው ጋኑ አጠገብ ሲቀመጥ ድም አለ። ቀጥሎ የሚመጣውን ታውቀዋለች።

እንዴት እንደሆነ ለራሷም አልገባትም። መቁጠሪያው ከእጇ ወደቀ፣ ከዘራዋን አነሣች፣ ግድግዳውን መታችው።

«ገና ነው!»

ከወዲያ ውሃው አልወረደም። አሮጊቷ ያደረገችው ነገር አስደንግጧት ከዘራዋን እንደ ያዘች ቀረች። በሩ ላይ ምራቷ መጥታ ቆመች፣ እጇ ውሃ ያንጠባጥባል። አሁን ምን አገባዎት ልትለኝ ነው ብላ ጠበቀች። ምራቷ ግን የበሩ ደፍ ላይ ቁጭ አለች።

«እማማ፣ ይሰሙ ነበር እንዴ?»

«እሰማ ነበር።»

«ሁልጊዜ?»

«ከመጀመሪያው ጀምሮ።»

«ታዲያ ምነው ዝም አሉኝ?»

«ምነው አንቺስ አልጠየቅሽኝ?»

ምራቷ ፊቷን በነጠላዋ ጫፍ ሸፈነች። «እንደ ሌለች ቁጠሩኝ አሉ። በሰው ሁሉ ፊት። ያረፈ ሰው መቀስቀስ ኃጢአት መስሎኝ ነው፣ እማማ። እንስራ ባነሣሁ ቁጥር ይህን ግድግዳ ነበር የማየው። አንዲት ጊዜ ቢስሉ እንኳ እመጣ ነበር።»

አሮጊቷም እኮ ከወዲህ ሆና አንዲት ጊዜ ብትጠራኝ እያለች ነበር የኖረችው። ሁለት ሴቶች በአንድ ግድግዳ ግራና ቀኝ ተቀምጠው፣ አንዷ ሌላዋን አከብራለሁ ስትል፣ ልጅ የሚያድግበትን ዘመን ጨረሱት።

ምራቷ እጇን ይዛ ወሰደቻት። አሮጊቷ እንደ ድሮዋ ጎንበስ ብላ ጆሮዋን ከጋኑ ላይ ለጠፈች። ቆየች። ቀና ስትል ፊቷ ተለዋውጧል።

«ምን ይላል?» አለቻት።

«እርስዎ አልሰሙትም?»

«አንቺ ስሚልኝ።»

ምራቷ ጆሮዋን ለጠፈች። ይንተከተካል አለች። እንዴት አድርጎ? እንደ ተቆጣ። ይቆጣ፣ ተይው አለቻት። በማግስቱም ወሰደቻት፤ ያጉረመርማል አለች። ያጉረምርም አለቻት። እንዲህ ሆነው ጋኑን ጠበቁት፤ የምታውቀው አትሰማም፣ የምትሰማው አታውቅም። በመጨረሻ ምራቷ፣ ዝም ሊል መሰለኝ ስትል፣ አሮጊቷ መሰለኝ አይበቃም፣ አንዴ ይተነፍሳል፣ እሱን ጠብቂ አለቻት። ምራቷ ጠበቀች። ከዚያ ቀና ብላ፣ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ «አሁን» አለች።

ለሠርጉ የወጣው ጠላ እንደ ድሮው ነበር ልልሽ አልችልም። ወደ ድሮው ግን ተጠግቶ ነበር። ልጂቱም ቀና ብላ ገባች። ሽማግሎቹ ቀመሱና ዞረው አሮጊቷን አዩዋት፤ ከሩቅ መንገድ የተመለሰ ሰው እንደሚታይ። አንዱ ተነሥቶ፣ ለልጄ ሠርግ መቼ ልጥመቅ፣ ምንስ ይበጃል ብሎ አማከራት። እሷም መለሰችለት።

ግን ጊዜ አልነበራቸውም። ክረምቱ ሲገባ ደረቷን ያዛት፣ አልጋ ላይ ዋለች። ምራቷ አጠገቧ ተቀምጣ ስለ ብቅሉ ትጠይቃታለች፣ ስለ ጌሾው ትጠይቃታለች፤ አሮጊቷ በሳል መሐል ትመልሳለች። የሚቀረው ብዙ ነበር። በየትኛው እህል ድፍድፉ ቶሎ ይደክማል፣ በብርድ ጊዜ ምን ይላል፣ አዲስ ጋን ከአሮጌው በምን ይለያል። ይህ ሁሉ ጋን አጠገብ ተቁሞ ነው እንጂ አልጋ ላይ ተኝቶ አይነገርም። የነፍስ አባቷ ሊያናዝዟት ሲመጡ ስለ ሞት አንድም ቃል አላነሣችም።

«አባቴ፣ ሞትን እጠብቃለሁ ብዬ፣ እኔ ነኝ ቀድሜው የሄድኩት» ነው ያለቻቸው።

ስትሞት አለቀሱላት። ልቅሶው ግን ቶሎ በረደ፤ ሰዉ ይህችን ሴት አንድ ጊዜ ሸኝቷታል። ተዝካሯ ሲነሣ ዘመድ ሁሉ፣ እሱማ ተበልቷል አለ። ምራቷ አልተከራከረችም። ለብቻዋ አንዲት ትንሽ ጋን አጥባ፣ አጥና፣ ጠመቀች። ጆሮዋን ለጥፋ ጠበቀች፤ የሚነግራት የለም፣ ግድግዳው ዝም ብሏል። በአርባዋ ቀን ለካህናቱና ለጥቂት ሽማግሎች አቀረበችላቸው። አንዱ ሽማግሌ ቀመሰ፣ ዐይኑን ጨፈነ፣ ደግሞ ቀመሰ።

«ሊደርስ ነበር» አለ። «ጥቂት ነው የቀረው። ሊደርስ ነበር።»

ይኸው ነው።

እንግዲህ ይመኙሻል፣ ጠማቂዋ አንቺ ነሽ። ተዝካሩ ደግሞ ባለፈው እሑድ ፋብሪካው ያበላልሽ የሽኝት ምሳ ነው። እኔም ከዘመድ ጋር ተቀምጬ አይቻለሁ። አለቃሽ ተነሥቶ ትጉህ ነበረች፣ ሰው አክባሪ ነበረች፣ እንደ እናታችን ነበረች እያለ ሲናገር፣ አንቺ እዚያው ወንበር ላይ ቁጭ ብለሽ ትሰሚያለሽ። ጋቢ አለበሱሽ፣ አጨበጨቡልሽ፤ ደግ አደረጉ፣ እግዜር ይስጣቸው። ግን የሸኙሽ ከፋብሪካው ነው። ከምድር የሸኙሽ መስሎሽ እንዳትገቢ።

ቁልፉን ለምራትሽ ልስጥ ካልሽ ስጪ። ወጥ ቤቱ የእሷ ይሁን፤ አንድ ወጥ በሁለት እጅ አይማሰልም። ከባዱን እሷ ታንሣ፣ አንቺ ተቀመጪ፤ ወገብሽ ይገባዋል። የምትቀመጪው ግን ጋኑ አጠገብ ይሁን። ከግድግዳው ወዲያ አትቀመጪ። ማኅበሩን አትልቀቂ፤ ተራሽ ሲደርስ ተራዬ ነው በይ። ሰው ሊያማክርሽ ሲመጣ እኔ ምን አውቃለሁ አትበይ፤ ታውቂያለሽና። ጨረስኩ የምትባለዋን ቃል ደግሞ ከአፍሽ አታውጪ። ሰው ይሰማታል፣ ሰምቶም ያከብርልሻል፤ የሚያስፈራው ማክበሩ ነው። የሚጠላሽ ሰው እንኳ ለጠብም ቢሆን ያናግርሻል። የሚያከብርሽ ግን ዕረፍቷን አልረብሽም ብሎ በበርሽ ላይ ያልፋል፣ አንቺም ሰለቹኝ ብለሽ ውስጥ ሆነሽ ታረጃለሽ። መጠየቅን አትጠብቂ ልጄ። ማሳል ምን ያቅታል?

እንዲያውም ልንገርሽ። ቅድም እኔ ስለ ግድግዳው ስነግርሽ ምራትሽ ሕፃኑን የልጅ ልጅሽን ታቅፋ እዚያ በር ላይ መጥታ ቆማ ነበር። አተኩሶት እንደሆነ ለማየት ግንባሩን ትዳብሰዋለች። አንቺ ጀርባሽን ሰጥተሽ ስለነበር አላየሻትም። ልትጠራሽ አፏን ከፈተች፤ ትረፍ ብላ መሰለኝ፣ ተመልሳ ሄደች።

በይ ተነሺ። ምን ልትጠይቅሽ እንደነበር ሄደሽ ጠይቂያት።